ለጋሼና ለእትዬ መኪና ስንመርጥ



የእድራችሁ ኮሚቴ ስለ ያገለገለ መኪና ግዢ እንድናገር ሲጋብዘኝ አንድ ነገር ለመንኩ። ንግግሬ ጡረታ ለወጡ ወይም ለተቃረቡ ሰዎች፣ እነሱንም ለሚያግዙ ልጆች፣ ጎረቤቶችና ወዳጆች ብቻ ይሁን አልኩ። ኮሚቴው ፈቀደልኝ፤ አመሰግናለሁ። የሠላሳ ዓመት ወጣት መኪና ሲገዛ ቢሳሳት ይናደዳል፣ ያዝናል፣ ከዚያ ሠርቶ ይተካል። የሰባ ዓመት ሰው የያዘው ገንዘብ ግን የዕድሜ ልክ ቁጠባ ነው፤ ወይም ውጭ አገር ያሉ ልጆች ተረዳድተው የላኩት ነው፤ ወይም የወላጅ ቦታ ተሸጦ የደረሰ ድርሻ ነው። ሁለተኛ አይመጣም።

ገበያውም አይራራም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186፣ ወደ አገር የሚገባ ያገለገለ መኪና ዕድሜው በገፋ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አደረገ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። የእነዚህን ድምር ውጤት ሁላችሁም አይታችሁታል፤ አገር ውስጥ የቀረው አሮጌ መኪና ዋጋው ሰማይ ነካ። ሃያ ዓመት ያገለገለች ቪትዝ ዛሬ የምትጠራው ብር መጀመሪያ ከተገዛችበት እጅግ ይበልጣል። ዋጋው እንዲህ ሲሆን የሻጩ ጥድፊያም፣ የደላላው ብልሃትም አብሮ ይጨምራል።

ብዙ ሰው አዛውንት ወዳጁን ላግዝ ብሎ ያስብና «እኔ ስለ ሞተር ምን አውቃለሁ?» እያለ ይተወዋል። ሞተር የሚያውቅ ሰው እኮ በገንዘብ ይገኛል፤ መካኒክ ከፍሎ ማስመርመር ነው። በገንዘብ የማይገኘው ከአዛውንቱ ጎን ቆሞ ይሉኝታቸውን የሚሸከምላቸው ሰው ነው። የዛሬው ንግግሬ ዋና ነገር ይህ ነው።

እስቲ አንዱን ቀን በዓይነ ህሊናችሁ ተመልከቱት። ደላላው «አባቴ» ብሎ ከመቀመጫው ይነሳል፣ ወንበር ይስባል፣ ማኪያቶ ያዛል። የትውልድ አገር ይጠይቃል፤ ዘር ሲቆጥሩ አንድ የጋራ ዘመድ አይጠፋም። መኪናው አንድ ዙር ይነዳል። ቀጥሎ ስልክ ይጮኻል፤ «ከሰዓት በኋላ ሌላ ገዢ ይመጣል» ይባላል። ዕድሜውን ሙሉ በቃሉ የኖረ፣ ሰው አድክሞ መሄድ የሚያሳፍረው ሰው፣ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ «ይቅርብኝ» ለማለት ምን ያህል እንደሚከብደው አስቡት። ቀብድ የሚከፈለው ብዙውን ጊዜ በዚህች ሰዓት ነው። ቀብድ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢተው ግን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል።

ስለዚህ እናንተ የምታግዟቸው፣ ከቤት ሳትወጡ ከእሳቸው ጋር ተስማሙ። ጋሼ «ልጄ ሳያየው፣ መካኒክ ሳይመረምረው አንድ ብር አልሰጥም» ይበሉ፤ ክፉ ስሙ በእናንተ ላይ ይለጠፍ። «ልጃቸው አስቸጋሪ ነው» ቢባል ምን ይጎድልባችኋል? እኔ ከአዛውንቶች ጋር ስሄድ በመጀመሪያው ቀን አንገዛም፤ ገንዘብም ይዘን አንሄድም። ይህንን ለሻጩ ገና ሰላምታ ስንለዋወጥ እንነግረዋለን። በቅንነት የሚሸጥ ሰው በዚህ ቅር ሲለው አላየሁም።

በዚያው ልክ ውሳኔውን ከእጃቸው እንዳንነጥቅ እንጠንቀቅ። ሻጩ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ ስለ ዋጋ እየተከራከረ፣ ገዢው ከኋላ ቆመው የሚያዳምጡበት ጊዜ አለ። ያሳዝነኛል። ጥያቄውን ወደ እሳቸው እንመልሰው፤ «ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» እንበል። የሚነዱት እሳቸው ናቸው፤ የሚከፍሉትም እሳቸው። አርባ ዓመት ማኑዋል የነዱ እናት አውቶማቲክ አልወድም ካሉ ምክንያታቸውን እንስማ። የግራ ጉልበታቸው ፍሪሲዮን መርገጥ እየከበደው ከሆነ ደግሞ በፍቅር እንንገራቸው፤ የዘመድ አውቶማቲክ መኪና ለጥቂት ቀናት ተውሰው ይሞክሩት። ብዙዎቹ ከሞከሩ በኋላ ወደ ማኑዋል አይመለሱም።

ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት እቤት ቁጭ ብላችሁ የምታወሩት ወሬ አለ። መኪናው የት የት ይሄዳል? ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ ሐኪም ቤት፣ ገበያ፣ ለቅሶ፣ የልጅ ቤት። በዓመት አንድ ሁለቴ ክፍለ ሀገር ይወጣል? አብሮ የሚሳፈረው ማን ነው? ማታ የት ያድራል? የያዙት ገንዘብስ ስንት ነው? ከዚህ ገንዘብ ቢያንስ አንድ አሥረኛው ሳይነካ ይቀመጥ እላለሁ። ስም ማዞሪያ አለ፣ ኢንሹራንስ አለ፤ ያገለገለ መኪና ደግሞ በተገዛ በወሩ አንድ ነገር መጠየቁ አይቀርም። የያዙትን ሁሉ ለሻጩ ቆጥረው የሰጡ ሰው፣ ጎማ መቀየር ሲያስፈልጋቸው ለልጅ ስልክ መደወል ይጀምራሉ። ያንን ጭንቀት በፊታቸው ላይ አይቼዋለሁና አጥብቄ እናገራለሁ።

አሁን ወደ መኪናው እንሂድ። እኔ ኮፋኖ ከመክፈቴ በፊት በር እከፍታለሁ።

ዳሌያቸውን የሚያማቸው አንዲት ጡረታ የወጡ ነርስ ነበሩ። ልጆቻቸው አንዲት ኮሮላ ወደውላቸዋል፤ ቀለሟ ያበራል፣ መቀመጫዋ አዲስ ልብስ ለብሷል። «እትዬ፣ እስቲ ይግቡ፤ አሁን ይውጡ፤ ደግመው ይግቡ» አልኳቸው። የመጀመሪያውን እንደምንም ገቡ። ሁለተኛውን ሲወጡ የበሩን ጠርዝ ጨበጡ። ሦስተኛው ላይ አንድ እጃቸውን ጣሪያው ላይ አሳርፈው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው ትንሽ ቆሙ። ልጆቻቸው ያን ጊዜ ነው ያዩት። ወንበሯ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሰውነት ወርዶ ይቀመጥና ሲነሳ በዳሌ ጉልበት ብቻ ራሱን መጎተት አለበት። አጠገቧ የቆመች ቪትዝ ውስጥ አስገባኋቸው። ቪትዝ ከላይ ስትታይ ትንሽ ናት፤ ጣሪያዋ ግን ከፍ ያለ ነው፣ መቀመጫዋም ቀና ያለ። ጎናቸውን ሰጥተው ቁጭ አሉ፣ እግራቸውን አዙረው አስገቡ፤ በቃ። የኮሮላዋ ሞተር የቱንም ያህል ጤነኛ ቢሆን ለእሳቸው አትሆንም ነበር።

ይህንን ሳትሞክሩ ስለ ዋጋ አታውሩ። ሰውየው ሲቆሙ የመቀመጫው ጠርዝ ከዳሌያቸው ብዙ ዝቅ የማይል ይሁን። ተቀምጠው ደግሞ አሥር ደቂቃ ይቆዩ። አንገታቸውን ሳያስጨንቁ በጎን መስታወቶቹ ከኋላ የሚመጣውን ያያሉ? ሞተሩ እየሠራ፣ መኪናው ቆሞ እያለ መሪውን በአንድ እጅ ማዞር ይችላሉ? የፍጥነት መቁጠሪያውን ያለ መነጽር ያነቡታል? በመጀመሪያዎቹ ሁለት የቪትዝ ትውልዶች መቁጠሪያው መሪው ጀርባ ሳይሆን ዳሽቦርዱ መሃል ላይ ነው፤ ከዓይን ራቅ ስለሚል ቅርብ ማየት ለከበደው ሰው ይመቻል፣ አንዳንዱ ግን ጨርሶ አይለምደውም።

የትኛው ዓይነት ይሻላል የሚለው ጥያቄ ሁሌም ይመጣል። ከተማችን በትናንሽ ሞተር የተሞላችው ያለ ምክንያት አይደለም። ለብዙ ዓመታት እስከ 1300 ሲሲ ያለ መኪና 30 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 1800 ያለው 60 በመቶ፣ ከ1800 በላይ ያለው 100 በመቶ ኤክሳይዝ ታክስ ይከፈልበት ነበር። ስለዚህ ቪትዝ፣ ያሪስና ትንሿ ኮሮላ በየሰፈሩ ሞሉ። ይህ ለአዛውንት ገዢ ትልቅ ጥቅም አለው፤ መካኒኩ ሁሉ ያውቃቸዋል፣ ዕቃቸውም ሶማሌ ተራ ይገኛል። ለአንድ ጡረተኛ «አስተማማኝ መኪና» ማለት ለእኔ ይኸው ነው፤ ሲበላሽ በቅርብ መካኒክ፣ በቅርብ ዕቃ፣ በሚቻል ዋጋ የሚሠራ። ከአውሮፓ የመጣ ውብ መኪና በርካሽ ተገኘ ብለው የሚደውሉልኝ አሉ። አንድ ሴንሰር ለማግኘት ወር የሚያስጠብቅ መኪና ለእነሱ ርካሽ አይደለም።

ትንሽ ሞተር ግን ከፍታችንን አይወደውም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ባለ አንድ ሊትር ቪትዝ ከፋብሪካ ስትወጣ ወደ 70 የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ እዚህ ወደ 55 ትወርዳለች። ለሁለት ሰው፣ ከገርጂ መገናኛ፣ ከበቂ በላይ ናት። አራት ሰው ጭና ሽሮ ሜዳን ስትወጣ ወይም ደብረ ብርሃን ስትሄድ ግን ትቃትታለች፤ ከኋላዋ ያለው ሲኖትራክ ጥሩንባ እየነፋ ሾፌሩን ያስጨንቃል። ክፍለ ሀገር የሚወጡ ከሆነ 1.3 ሊትር ፈልጉላቸው።

ስለ ቪትዝ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ ለአዛውንት ሾፌር ዓይን ትልቅ ጉዳይ ነውና። ቪትዝ ከ1999 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. በጃፓን ገበያ የተሸጠች መኪና ናት፤ ጃፓን በግራ ስለሚነዳ መሪዋ በቀኝ ነበር። እኛ ዘንድ መሪዋ በግራ ሆኖ የምታዩዋት ሁሉ መሪዋ የዞረ ነው። ሥራው በደንብ የተሠራላት አለች፤ በጥድፊያ የተሠራላትም አለች። የዝናብ መጥረጊያውን አስነሱና መስታወቱ ላይ ውሃ ረጭታችሁ ተመልከቱ። መጥረጊያው ካልተቀየረ፣ የሚጠርገው ለቀኝ ሾፌር እንዲመች ሆኖ ነው፤ በግራ በኩል፣ ልክ ሾፌሩ ዓይን ፊት፣ ሳይጠረግ የሚቀር ማዕዘን አለ። በሐምሌ ዝናብ፣ በምሽት፣ ዓይናቸው ለደከመ ሰው ያች ማዕዘን እግረኛ ትደብቃለች። የፊት መብራቱንም ግድግዳ ላይ አብሩት። የጃፓኑ መብራት ከፍ ብሎ የሚያበራው ወደ ግራ ነው፤ እዚህ ሲሆን ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ያሳውራል፣ እግረኛ የሚሄድበትን የቀኝ ጠርዝ ግን ጨለማ ውስጥ ይተወዋል። ሁለቱም የሚስተካከሉ ነገሮች ናቸው፤ ከዋጋው ላይ ግን ይነሱ። ያሪስ የቪትዝ እህት ናት፤ ለአውሮፓ የተሠራችው፣ ለምሳሌ ፈረንሳይ ቫለንሲየን የሚገኘው የቶዮታ ፋብሪካ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያወጣት፣ መሪዋ ከመነሻው በግራ ነው። ዋጋቸው ከተቀራረበ እኔ ያሪስን እመርጣለሁ።

በ2010 እ.ኤ.አ. የመጣው ሦስተኛው የቪትዝ ትውልድ አውቶማቲክ ካምቢዮው አብዛኛው ሲቪቲ የሚባለው ነው። የራሱ ዘይት አለው፤ ተራ የአውቶማቲክ ዘይት ከገባበት ይበላሻል። ሻጩን «የካምቢዮ ዘይት መቼ፣ በምን ተቀየረ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ መልስ ከሌለው ያንን እንደ መልስ ውሰዱት። ኤሌክትሪክ መኪና ለሚጠይቁኝ ደግሞ፣ ግቢ ያለውና ቻርጀር ማስገባት የሚችል ሰው ያስብበት፤ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር አዛውንት ግን ቻርጅ ሊያደርጉ ወረፋ እንዲይዙ አልመክርም።

ለምርመራ በጠዋት ሂዱ፤ «ሞተሩን እንዳታስነሳው» ብላችሁ ማታውኑ ደውሉ። ስትደርሱ እጃችሁን ኮፋኖው ላይ አድርጉ። ከሞቀ ሻጩ ቀድሞ አስነስቶታል፤ ሌላ ቀን ተመለሱ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ የሚያወጣው ጭስ ብዙ ይናገራል፤ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው፣ ጥቁር ከሆነ ነዳጅ እያባከነ ነው። ነጭ እንፋሎት በብርድ ጠዋት ያለ ነው፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ከማርሚታው መውጣቱን ካላቆመ ግን የቴስታታ ጋስኬት ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ሳይሞቅ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ። ውስጡ ዝገት የቀላቀለ ውሃ ከሆነ ሞተሩ ለዓመታት ኩላንት አላየም ማለት ነው። በእኛ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ራዲያተሩን ከመፍላት የሚያድነው የክዳኑ ግፊትና ኩላንቱ ነው። ስንቱ ደህና ሞተር በዚህ ምክንያት ተቃጥሏል!

ቁልፉን አዙሩና ሞተሩ ሳይነሳ ዳሽቦርዱን ተመልከቱ። የሞተርና የኤርባግ ማስጠንቀቂያ መብራቶች መብራት አለባቸው፤ ሞተሩ ሲነሳ ይጠፋሉ። ጨርሶ ካልበሩ አንድ ሰው አምፖሉን ነቅሎታል ወይም ሽቦውን ቆርጦታል። ኪሎ ሜትር የሚቆጥረውን ቁጥር አትመኑት፤ መመለስ ቀላል ነው። የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ተበልቶ፣ መሪው ተላልጦ፣ የሾፌሩ ወንበር ጎድጉዶ ቁጥሩ 80,000 ካለ ማንን እንደምታምኑ ታውቃላችሁ። መኪናው በሜትር ታክሲ ሥራ ቆይቶ እንደሆነም በግልጽ ጠይቁ። በባትላሜራ ያለፈ አካል ሲታይ አይታወቅም፤ በፍሪጅ ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ አስጠጉት፤ ላሜራው ላይ ይይዛል፣ ስቱኮ በወፈረበት ይወድቃል። በር ላይ ስቱኮ ቢገኝ ግድ አይሰጠኝም፤ የአዲስ አበባ መኪና ይጫራል። በምሰሶዎቹና በሻንሲው ላይ ግን ከተገኘ ተሰናብቼ እወጣለሁ።

ሲነዳ የሚነዱት እሳቸው ይሁኑ። ኮብልስቶን ላይ ይንዱት፣ ዳገት ላይ አቁመው ይነሱ፣ ሰው በሌለበት ጠንከር አድርገው ፍሬን ይያዙ። ወንበራቸው ላይ ሆነው የሚሰማቸውን እናንተ ከጎን አትሰሙትም።

ወረቀቱን ለይስሙላ አይታችሁ አትለፉት። ሊብሬው ላይ ያለው ስም የሻጩ መሆኑን፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ መኪናው ላይ ከተቀረጸው ጋር መግጠሙን በዓይናችሁ እዩ። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት፣ ከቀረጥ ነፃ ገብቶ ከሆነም ቀረጡ መከፈሉን ፋይሉ ካለበት መሥሪያ ቤት አጣሩ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት የትዳር ጓደኛው ስምምነት ያስፈልጋል። ዋጋው በባንክ፣ በሲፒኦ ይከፈል።

«ስም ለማዞር ጊዜ ከሌለ ውክልና ይበቃል» የሚላችሁ ሰው ይኖራል። እባካችሁ እንቢ በሉት። ውክልና፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ወካዩ ሲሞት ይቀራል። ሻጩም ገዢውም በዕድሜ የገፉ ሰዎች ሲሆኑ ይህ የሩቅ ስጋት አይደለም። ገዢው መኪናውን ይዘው፣ የሟች ወራሾችን ፍለጋ ፍርድ ቤት ሲመላለሱ የማየት ግዴታ የለብንም። ሻጩም ቢሆን ይጎዳል፤ በሕጋችን መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት የሚጠየቀው ባለቤቱ ነውና። ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳችሁ ውሉን በዚያው ተፈራረሙ፣ ስሙን አዙሩ፣ ያለ ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ መኪናው ከቆመበት አይንቀሳቀስ።

ከተገዛ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሳምንት የቀድሞው ባለቤት ምንም ቢላችሁ የሞተር ዘይትና ፊልትሮ፣ ኩላንት፣ የፍሬን ዘይት ይቀየር። ካንዴላውና ችንጋው ይታይ። ያቺ አንድ አሥረኛ የተቀመጠችው ለዚህ ነው። የተቀየረው ሁሉ ከነቀኑ በደብተር ይጻፍና ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ይቀመጥ፤ ቀጣዩ መካኒክ እንደ አዲስ አይገምትም፣ ነገ ሲሸጡትም ዋጋ ያወጣላቸዋል።

አንድ የቀረኝ ጎማ ነው። ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ በዕድሜ ይደርቃል፤ በተለይ መኪናቸውን በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚያንቀሳቅሱ ሰዎች ጎማ ሲታይ አዲስ ይመስላል። የተሠራበት ጊዜ ጎኑ ላይ ተጽፏል፤ በሞላላ ምልክት ውስጥ አራት አሃዝ አለ፣ 2319 ከሆነ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አሥር ዓመት ያለፈውን ጥርስ ቢኖረውም ቀይሩት። አሁን ግቢው ውስጥ የቆሙ መኪናዎች አሉ፤ ባለቤቶቹ ከፈቀዱልኝ አብረን እንውጣና የእያንዳንዱን ጎማ ዕድሜ እናንብብ። ጥያቄያችሁንም እዚያው ቆመን እቀበላለሁ።